ምርቃና፡- የቃሉ ትርጉምና አመጣጥ

በአንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ አንዱ ባልደረባ የማይሆን ዕቅድ ሲያቀርብ ሌላው "ይኼ የምርቃና ዕቅድ ነው" ቢል ተሰብሳቢው በሙሉ ይስቃል፡፡ ጫት በአፉ ዞሮ የማያውቀውም አብሮ ይስቃል፡፡ ቃሉ ሁሉም የሚጠቀምበት ነው፡፡ ትርጉሙን ንገረን ሲባል ግን ብዙው ሰው "ያው ሞቅታ ነው" ብሎ ያልፈዋል፡፡

ሞቅታ ግን አይደለም፡፡ ሞቅታ የመጠጥ ነው፤ ሲበዛም ስካር ይሆናል፡፡ ምርቃና ሌላ ነገር ነው፡፡ ለዚህም ነው አማርኛ ሞቅታን፣ ስካርን፣ ደስታን፣ ንቃትን የሚያህሉ ቃላት እያሉት ይህንን ቃል ከምሥራቅ ተቀብሎ ያስቀረው፡፡ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ያንን ስሜት አይተኩትም፡፡

ምርቃና ጫት የቃመ ሰው መቃም ከጀመረ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ የሚደርስበት የሕዋሳትና የአሳብ ንቃት ነው፡፡ ዓይን የሚያየው ይጠራል፣ ጆሮ የሚሰማው ይቀርባል፣ ተበታትኖ የነበረው አሳብ አንድ ላይ ይሰበሰባል፤ ወይም ለመርቃኙ እንዲያ ይመስለዋል፡፡ ግሱ "መረቀነ" ነው፡፡ ሌላውን ለዚህ የሚያበቃው ጫት "ያመረቅናል" ይባላል፤ ጥሩ ጫትና መጥፎ ጫት የሚለዩትም በዚሁ ነው፡፡ ከቃሉ ጋር አብረው የሚሄዱትን ግሶች ልብ ይበሉ፡፡ ምርቃና "ይመጣል"፣ ምርቃና "ይይዛል"፣ ምርቃና "ይሰበራል"፡፡ ስካር አይሰበርም፤ ስካር ይበርዳል፣ ይለቃል፡፡ በር አንኳክቶ የገባ ሰው፣ የሚጮህ ስልክ፣ ድንገት የተነሳ የገንዘብ ወሬ ምርቃናን ይሰብራሉ፡፡ በቃሚው አነጋገር ምርቃና እንደ መስተዋት ነው፡፡ ግልጽ ነው፣ ያሳያል፣ ደግሞም ተሰባሪ ነው፡፡

የቃሉን መኖሪያ ለማየት ወደ ምሥራቅ መጓዝ ይበጃል፡፡ ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚላት ጭሮ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፡፡ (ከተማዋን በአርአያነት የቆረቆሯት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ረቂቅና የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትርም የእሳቸው እጅ ሥራዎች ናቸው፡፡) ከጭሮ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ በዴሳን፣ ገለምሶን አልፎ 110 ኪ.ሜ. ገደማ ሲሄድ መቻራ ይደርሳል፡፡ መቻራ የዳሮ ለቡ ወረዳ ከተማ ስትሆን የግብርና ምርምር ማዕከልም አለባት፡፡ ከዚህ መንገድ አዲስ አበቤው በስም አጥርቶ የሚያውቀው ገለምሶን ነው፡፡ የሚያውቀው ግን ከተማ መሆኑን ሳይሆን የጫት ዓይነት መሆኑን ነው፡፡ ወደ ጫት ቤት ጎራ ብሎ "ገለምሶ አለ?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው፣ ገለምሶ ቤትና ትምህርት ቤት፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ያለው ከተማ መሆኑ ትዝ አይለውም፡፡

በነዚህ ከፍታዎች ላይ ቡናና ጫት ጎረቤታሞች ናቸው፡፡ የአንዱ ገበሬ ማሳ ሁለቱንም ያበቅላል፤ የቡናው ዋጋ ሲወድቅ ጫቱ ይሰፋል፡፡ ይህ ጉርብትና ወደ ቃሉ አመጣጥ ስንደርስ ስለሚያስፈልገን በልባችን እንያዘው፡፡

በሐረርጌ ምርቃና ብቻውን የሚኖር ቃል አይደለም፡፡ እንደ ሰዓት እጅ ቀኑን ተከትለው የሚዞሩ ቃላት ቤተሰብ አለው፡፡ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር የሚቃመው "ኢጃባና" ይባላል፡፡ ይህ ኦሮሚኛ ነው፡፡ "ኢጃ" ዓይን፣ "ባኑ" መክፈት ነውና ሲተረጎም "ዓይን መግለጫ" ማለት ነው፡፡ (በሐረርጌ ኦሮሚኛ ዓይን ብዙ ጊዜ "ኢላ" መባሉ አጥኚን ያከራክር ይሆናል፤ ተናጋሪው ግን ቃሉን እንዲሁ ነው የሚፈታው፡፡) ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ መቃም "በርጫ" ነው፡፡ ምርቃና በበርጫው መሐል ይመጣል፡፡ ሲመሽ ምርቃናውን ለማውረድ የሚጠጣው መጠጥ፣ አዲስ አበባ እንደምትለው፣ "ጨብሲ" ነው፡፡ ይህም ኦሮሚኛ ነው፤ "ጨብሱ" መስበር፣ "ጨብሲ" ስበር ማለት ነው፡፡ አማርኛ ተናጋሪው ቃሚ "ምርቃናዬን ሰበርክብኝ" ሲል እና "ጨብሲ እንሂድ" ሲል ሳያውቀው አንድን ምሳሌ በሁለት ቋንቋ ይደግማል፡፡

የለመደ ሰው ሳይቅም ሲቀር የሚያገኘው ደግሞ "ሐራራ" ነው፡፡ በአረብኛ ሐራራ ሙቀት፣ ትኩሳት ማለት ነው፡፡ ማዛጋቱ፣ መነጫነጩ፣ ሰውነት አልታዘዝ ማለቱ ሁሉ በዚህ ቃል ይጠቃለላል፡፡ ሐራራው በሌሊት ሲመጣ ስሙ ይለወጥና "ዱካክ" ይሆናል፤ ቃሚው ሳይቅም በተኛበት ሌሊት መጥቶ የሚጫነው ክፉ ሕልም፡፡ ዱካክን እንደ መንፈስ የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው፡፡

ልብ ብሎ ለተመለከተው እነዚህ ቃላት ስለ ቅጠሉ አይናገሩም፡፡ ሁሉም የሚናገሩት ቅጠሉ በሕዋሳት ላይ ስለሚያደርገው ነገር ነው፡፡ ዓይን ስለመግለጥ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ መሰበር፣ ስለ ክፉ ሕልም፡፡ ኢጃባናን በርጫ፣ በርጫን ምርቃና፣ ምርቃናን ጨብሲ ወይም ዱካክ እንደሚከተለው በቅደም ተከተል ያስቀመጠ ሕዝብ የአንድን ዕፅ ጠባይ ሐኪም ከመጻፉ በፊት አጥንቶ ጨርሷል ማለት ነው፡፡

ገበሬው ቃሉን የሚጠቀምበት አግባብ ከከተሜው ይለያል፡፡ በሐረርጌ "ጉዛ" በሚባለው የደቦ ሥራ ላይ ጫት የሚቀርበው እንደ ምሳው ሁሉ ለሥራው ነው፡፡ ቅሞ መሬት ያገላብጣል፣ ይኮተኩታል፣ እርከን ይሠራል፡፡ በዚህ አገባብ ምርቃና የጉልበትና የሥራ ቃል ነው፤ ድካምን የሚያስረሳ፣ እጅን የሚያፈጥን፡፡ በከተማ ግን ምርቃና ከመቀመጥ ጋር ተጋብቷል፡፡ ፍራሽ፣ ጥግ፣ ረከቦት፣ ጭስ፡፡ ገበሬው መርቅኖ ይነሳል፣ ከተሜው መርቅኖ ይቀመጣል ብንል ከእውነቱ ብዙም አንርቅም፡፡ ተማሪውና የሌሊት ጥበቃው በመካከል ናቸው፤ ተቀምጠው ይሠራሉና፡፡

ምርቃና ውስጥ ምን ይሰማል? ቃሚዎች የሚናገሩት አካሄድ ከቦታ ቦታ ተመሳሳይ ነው፡፡ መጀመሪያ ጨዋታው ይደምቃል፣ ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ያዋጣል፣ ችግር ሁሉ መፍትሔ ያገኛል፡፡ ከዚያ ቀስ እያለ ድምፅ ይቀንሳል፡፡ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ አንዱ ግድግዳ፣ አንዱ ምንጣፉ ላይ ያለች አበባ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቀራል፡፡ የመኖች ይህችን የዝምታ ሰዓት "የሰሎሞን ሰዓት" ይሏታል፡፡ በአማርኛ ለብቻዋ ስም አልወጣላትም፤ "ከባድ ምርቃና ላይ ነው" ተብሎ ታልፋለች፡፡ በዚህ ሰዓት ጆሮ ስስ ይሆናል፡፡ የብርጭቆ ኳኳታ ያስደነግጣል፡፡ ብርሃን ይበዛል፤ ይህ ደግሞ ምናብ ብቻ አይደለም፣ የዓይን ብሌን በእርግጥ ይሰፋል፡፡ አፍ ይደርቃል፣ ምግብ ጣዕም ያጣል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ይላል፡፡ ጊዜውም ይጠፋል፤ ስምንት ሰዓት ላይ የተቀመጠ ሰው ቀና ሲል መሽቷል፡፡

ሳይንሱ ለዚህ የሰጠው ስም "ካቲኖን" ነው፡፡ ይህን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1975 ከትኩስ ቅጠል ለይቶ ያወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላቦራቶሪ ነው፡፡ ከዚያ በፊት የኃይሉ ምንጭ "ካቲን" የሚባለው ደካማው ንጥረ ነገር ይመስል ነበር፡፡ ካቲኖን በቅርጹ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል፤ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉ መልእክተኞች በብዛት እንዲለቀቁ ያደርጋል፡፡ ግን አንድ ጠባይ አለው፡፡ ቅጠሉ ሲጠወልግ ይፈርሳል፤ ተቆርጦ ሁለት ቀን ገደማ ካለፈው ዋናው ኃይል ወደ ካቲን ተለውጧል፡፡ በኮባ የሚጠቀለለው እርጥበቱ እንዲቆይ ነው፡፡ የጫት መኪና የሚበረውም ለዚሁ ነው፡፡ በጭሮ አስፋልት ላይ ቆሞ የጫት አይሱዙ ሲያልፍ ያየ ሰው፣ ሾፌሩን ከመራገሙ በፊት፣ የሚያሯሩጠው በጭነቱ ውስጥ ያለ ኬሚስትሪ መሆኑን ቢያውቅ ጥሩ ነው፡፡ (መራገሙ ግን አይከለከልም፡፡ በዚያ መንገድ የጠፋው የሰው ሕይወት ቀላል አይደለም፡፡)

እንግዲህ ቃሉ ከየት መጣ?

በአዲስ አበባ በብዛት የሚሰማው መልስ "ከምርቃት ነው" የሚል ነው፡፡ መልሱ ባዶ አይደለም፡፡ በወሎም በሐረርጌም ጫት ያለ ዱዓ አይጀመርም፡፡ በወሎ ወዳጃ ላይ ቅጠሉ ሲታደል ሽማግሌው ይመርቃል፣ ተሰብሳቢው አሜን ይላል፡፡ የተመረቀ ጫት የቃመ ሰው የሚያገኘው ስሜት "ምርቃና" ቢባል ምን ይደንቃል? ጆሮም ይቀበለዋል፡፡

ሰዋስው ግን አይቀበለውም፡፡ "መረቀ" ከሚለው ግስ የምናገኘው ምርቃት፣ መራቂ፣ ምሩቅ፣ ተመራቂ ነው፡፡ አማርኛ ከሦስት ፊደል ግስ በ"ና" የሚያልቅ የዚህ ዓይነት ስም የማውጣት ልማድ የለውም፡፡ "መረቀነ" አራት ፊደል ያለው ግስ ነው፤ ነ በሥሩ ውስጥ ናት፡፡ ይህ አሠራር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ከስም የተወለደ ግስን ነው፡፡ "መነኮሰ" ከግሪክኛው ሞናኮስ፣ "ተፈላሰፈ" ከፊሎሶፎስ እንደወጡት ማለት ነው፡፡ መጀመሪያ ስሙ ይገባል፣ ከዚያ አማርኛ ግስ ያበጅለታል፡፡

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ከአማርኛ ውጪ ያለው ነው፡፡ ሐረሪው ምርቃና ይላል፡፡ ኦሮሞው ምርቃና ይላል፣ ግሱንም ያረባል፤ አነቃቂ ለሚለውም ከዚሁ ሥር ቃል አውጥቷል፡፡ ሶማሌው ሚርቃን ወይም መርቃን ይላል፤ ጅቡቲም ሐርጌሳም ያለው ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል፡፡ በኦሮሚኛ መመረቅ "ኤቢሱ" ነው፡፡ ሶማልኛም ለምርቃት የራሱ ቃል አለው፡፡ "መረቀ" የሚለው ግስ በሌለበት ቤት ከ"መረቀ" የወጣ ቃል ሊወለድ አይችልም፡፡ አማርኛ ለነሱ ሰጣቸው እንዳንል ደግሞ ጫት የመጣው ከነሱ ወደ አማርኛ ተናጋሪው እንጂ ከአማርኛ ተናጋሪው ወደነሱ አይደለም፡፡ ስለዚህ ምርቃት የቃሉ እናት ሳትሆን በኋላ የመጣች ሞግዚት ናት፡፡

ቃሉ ሳይኖር ስሜቱ ተመዝግቦ እናገኘዋለን፡፡ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ተቀምጦ ስለ ኢትዮጵያ እስላማዊ ሱልጣኔቶች የጻፈው አል ዑመሪ በኢፋት ሰዎች ስለሚበሉት አንድ ቅጠል ይተርካል፡፡ ቅጠሉ አእምሮን ያሰላል፣ ደስ ያሰኛል፣ ምግብን፣ እንቅልፍንና የሴት ፍላጎትን ይቀንሳል ይላል፡፡ አንድ የየመን ንጉሥ ስለዚህ ቅጠል ቢነገረው፣ የዚህ ዓለም ደስታ እነዚህ ሦስቱ ሆነው ሳለ እነሱን የሚያስቀር ነገር ምን ያደርግልኛል ብሎ ሳይቀምስ እንደተወውም ይጨምራል፡፡ በዚያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ደግሞ የኢፋቱ ሰብረ ዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱን ያነሳል፤ ሙስሊሞች ይህንን ተክል ይወዱታልና፡፡ አንዱ ጸሐፊ ከስሜቱ፣ ሌላው ከፖለቲካው ያዩታል፡፡ ስሜቱን በስም የጠራ ግን ከሁለቱ አንድም የለም፡፡

ስም ፍለጋ ስንወጣ ጫትን ትተን ወደ ጎረቤቱ ወደ ቡና መሄድ አለብን፡፡ እ.ኤ.አ. በ1511 የመካው ገበያ ተቆጣጣሪ ኻኢር በይ ሕግ አዋቂዎችንና ሐኪሞችን ሰብስቦ ቡናን አስከለከለ፡፡ ዋናው ክርክር ቡና ያሰክራል ወይስ አያሰክርም የሚል ነበር፤ የሚያሰክር ነገር በእስልምና የተከለከለ ነውና፡፡ ክልከላው ብዙም አልቆየም፤ ክርክሩ ግን ክፍለ ዘመኑን ሙሉ ቀጠለ፡፡ በዚያ የክርክር ጽሑፍ ውስጥ ቡና የሚሰጠውን ንቃትና የመንፈስ ቅልጥፍና ከስካር ለይቶ የሚጠራ አንድ የአረብኛ ቃል እናገኛለን፤ "መርቀሓ"፡፡ ለቡና ጠበቃ የቆሙት ሰዎች ይህ ቃል ያስፈልጋቸው ነበር፡፡ ሰካራም አእምሮው ይጨልማል፤ ቡና የጠጣ ሰው ግን አእምሮው ይበራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ለጸሎት ይቆማል፡፡ ሁለቱ አንድ ስም ከተሰጣቸው ክርክሩ ይጠፋል፡፡

ቡናና ጫት ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው አልተለያዩም ነበር፡፡ ለቡና ጠበቃ ሆኖ የጻፈው አል ጀዚሪ አንድ ታሪክ መዝግቧል፡፡ "ቀህዋ" በየመን ሱፊዎች ዘንድ ከጫት ቅጠልም ይዘጋጅ ነበር፤ በኤደን ጫቱ ሲጠፋ አል ዘብሓኒ የተባለው ሼህ ደቀ መዛሙርቱን ቡን እንዲጠቀሙ መከራቸው፣ እሱም እንቅልፍ ይከለክላልና፡፡ ታሪኩ እንዳለ እውነት ይሁንም አይሁን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለነበረ ጸሐፊ ሁለቱ ዕፆች የአንድ ስሜት ሁለት በሮች እንደነበሩ ያሳያል፡፡ ስለ ጫት የተጻፈውም የቡናውን ይመስላል፡፡ የዚያው ዘመን የመካ ሊቅ ኢብን ሐጀር አል ሀይተሚ ስለ ጫት ሲጠየቅ የሚያውቁትን ሰዎች ምስክርነት ሰበሰበ፡፡ ምስክርነቱ ግን እርስ በርሱ ተጋጨበት፡፡ አንዱ አእምሮ ይለውጣል ሲል ሌላው ምንም አይነካም ይላል፡፡ እሱም ሐራም ነው ብሎ ከመቁረጥ ተቆጥቦ መራቁ ይሻላል አለ፡፡

መርቀሓና ምርቃና፡፡ ም፣ ር፣ ቅ በሁለቱም አሉ፡፡ ትርጉማቸው አንድ ነው ሊባል ይችላል፤ ሁለቱም ከስካር የተለየ፣ ዕፅ የሚሰጠው ንቃት ነው፡፡ መልክዓ ምድሩም ይገጥማል፡፡ ዘይላ፣ ኤደን፣ ሐረር፣ ጨርጨር ቡናና ጫት ሲመላለሱበት የኖረ አንድ የንግድ መስመር ነው፡፡ እንቅፋቱ የመጨረሻው ፊደል ነው፡፡ ቃሉ ከአረብኛ በቀጥታ ቢመጣ ኖሮ ሐ የት ሄደች? አማርኛ ብታጠፋት አይገርምም፤ ሶማልኛ ግን ሐን ከጉሮሮው አጥርቶ የሚናገር ቋንቋ ነው፣ ሐረሪም እንዲሁ፡፡ ነ ደግሞ ከየት ገባች? በዚህ ጸሐፊ ግምት የሁለቱ ዝምድና ከምርቃት ይልቅ ይታመናል፤ ሆኖም ተመሳሳይነት ገና ማስረጃ አይደለም፡፡ የሚያስተማምነው ቃሉ የቀይ ባሕርና የሐረር ደጋ ቃል መሆኑና አማርኛ የተቀበለው ከዚያ መሆኑ ነው፡፡

ወደ አዲስ አበባ ቃሉ የመጣው በኮባ ተጠቅልሎ ነው ማለት ይቻላል፡፡ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ በኋላም በአስፋልቱ፣ ጫቱ ሲመጣ ቃላቱም አብረው መጡ፡፡ የጫትን የሐረርጌ ታሪክ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ያጠኑት ምሁር ሕዝቅኤል ገቢሳ "የአላህ ቅጠል" የሚል ስም በሰጡት መጽሐፋቸው እንዳሳዩት፣ ሰብሉ የአካባቢውን ኢኮኖሚ ከሥሩ ለውጧል፡፡ ከተማ ደግሞ ቃሉን ለወጠው፡፡ በመጀመሪያ ምርቃና ቅዠት ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ ሲመሽ የሚፈርስ ፎቅ፡፡ "መርቅነሃል?" ማለት "የምትናገረውን ታውቃለህ?" ማለት ሆነ፡፡ ከዚያ ጭራሹን ከጫት ተላቀቀ፤ የሥልጣን ምርቃና፣ የድል ምርቃና፣ የገንዘብ ምርቃና እየተባለ ይጻፋል፡፡ ሐረርጌ ላይ የጠራ ማየት የነበረው ቃል አዲስ አበባ ሲደርስ የተሳሳተ ማየት ሆነ፡፡ ሁለቱም ትርጉሞች ከአንዱ ስሜት የወጡ ናቸው፡፡ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ነገሩ ሁሉ ጠርቶ ይታየዋል፤ ጠርቶ የታየው ሁሉ ግን ትክክል አይደለም፡፡ ገበሬው የመጀመሪያውን ግማሽ ያዘ፣ ከተሜው ሁለተኛውን፡፡

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ይበቃ ነበር፡፡ ግን ጉዳዩ ወደ ሐኪም ቤትም፣ ወደ ሕግም ይገባል፡፡ እነ አታላይ ዓለም በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ጥናት ከተጠየቁት ግማሹ በዚያን ጊዜ ጫት ይቅሙ እንደነበር አሳይቷል፡፡ ከቃሚዎቹ መካከል 80 በመቶ ያህሉ የሚቅሙት ለጸሎት አሳብን ለመሰብሰብ እንደሆነ ተናግረዋል፡፡ ይህ መልስ የአል ጀዚሪ ዘመን ሱፊዎች ይሰጡት ከነበረው መልስ ጋር አንድ ነው፡፡ የሚፈልጉት መጥፋትን ሳይሆን መሰብሰብን ነው፡፡ በዚያው መጠን ደግሞ አብዝቶ መቃም ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከልብ ሕመም፣ ለተጋለጠውም ሰው ከአእምሮ መታወክ ጋር እንደሚያያዝ ሐኪሞች ይናገራሉ፡፡ እጅግ የተራዘመ ምርቃና ወደ ጥርጣሬ ይለወጣል፤ ስስ የሆነው ጆሮ ያልተባለውን መስማት ይጀምራል፡፡

በውጪው ዓለምም ጥያቄው የመካው ጥያቄ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2006 ጫት ሱስ የማስያዝ ዐቅሙ ዝቅተኛ ነው ብሎ ቅጠሉን በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ማስገባት አላስፈለገውም፤ ካቲኖን ራሱ ግን በ1971ዱ ስምምነት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፡፡ በእንግሊዝ መንግሥትን በዕፅ ጉዳይ የሚያማክረው ምክር ቤት በ2013 አይከልከል ብሎ ሳለ መንግሥት በ2014 ከለከለው፡፡ ለንደን ለሚኖረው ሐበሻና ሶማሌ በማለዳ በአውሮፕላን ይደርስ የነበረው ቅጠል በአንድ ጀምበር ወንጀል ሆነ፡፡ በእነዚህ ክርክሮች ውስጥ ምርቃና ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው ስካርን በሚያህል ቃል ነው፡፡

ትርጉሙ ሲሳት ምን እንደሚሆን ከካርድ ክፍል ጀምሮ ማየት ይቻላል፡፡ ወጣቱ ሐኪም መጠይቁን ይዞ "ጫት ሲቅሙ ይሰክራሉ?" ብሎ ቢጠይቅ የሐረርጌው አባወራ "ላ፣ ወላሂ" ብሎ ይመልሳል፣ እውነቱንም ነው፡፡ ሐኪሙ "አይጎዳውም" ብሎ ይጽፋል፡፡ "ኢጃባና ስንት ሰዓት ይጀምራሉ? ምርቃናው እንደ ድሮው ይመጣል ወይስ ብዙ ይፈልጋል? ሐራራ ይይዝዎታል? ዱካክ ይመጣብዎታል?" ብሎ በዚያው ቅደም ተከተል ቢጠይቀው ግን አባወራው ወንበሩን ያስጠጋና ከሌሊቱ ይጀምርለታል፡፡